ከመጣል በፊት መውደቅ፦ ጃፓን ባህላዊ ስፖርቷን በትምህርት ቤት ግዴታ ስታደርግ

ኤፕሪል 2012 ላይ የጃፓን ትምህርት ቤቶች አዲሱን የትምህርት ዘመን ሲከፍቱ አንድ አዲስ ግዴታ አብሮ መጣ። በእኛ አቆጣጠር 7ኛና 8ኛ ክፍል የሚባለው ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜው ቡዶ ይማራል ተባለ። ቡዶ የሚባሉት ጁዶ፣ በሰይፍ የሚሠራው ኬንዶ፣ ሱሞና መሰል የአገሩ የፍልሚያ ስፖርቶች ናቸው። ቀድሞ ነገሩ በምርጫ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ቡዶ፣ ሴቶቹ ዳንስ ይይዙ ነበር። አሁን ሁለቱም ለሁሉም ሆኑ።

የመንግሥት ምክንያት ለጆሮ የሚጥም ነው። ልጆቹ ሥርዓትን፣ ባላጋራን ማክበርንና ራስን መግዛትን በአካላቸው ይማሩ፤ የአባቶቻቸውን ወግ ይወቁ። ማን ይቃወማል? ግን ተቃውሞው መጣ፣ ያውም ትምህርቱ ሳይጀመር። ጠንከር ያለው ድምፅ የመጣው ደግሞ በጁዶ ልምምድ ልጆቻቸውን ካጡ ወላጆች ነበር።

እኛም ዘንድ «ገናን፣ ትግልን፣ ገበጣን ለምን በትምህርት ቤት አናስተምርም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይለኛል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያውኑ የአስተማሪ ሥራ

ጁዶን ብዙ ሰው የጥንት የጠዋት ነገር ያደርገዋል። አይደለም። የፈጠረው ካኖ ጂጎሮ የሚባል መምህር ነው፤ ዓመቱም 1882 ነው። እኛ ዘንድ ዙፋኑ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የነበሩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ካኖ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ግቢ 12 ታታሚ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ ይዞ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ዕድሜው ገና 21 ነበር።

ያኔ የሳሙራይ ዘመን አልፏል። ጁጁትሱ የሚባለው የድሮ የእጅ በእጅ ፍልሚያም ፈላጊ አጥቷል። ካኖ ከዚያ ውስጥ አደገኛ የሆነውን አወጣ፤ በነፃ ልምምድ ሊሠራ የሚችለውን አስቀረ። ራሱ ጎበዝ የትምህርት ሰው ነበር። ለብዙ ዓመታት የቶኪዮ ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛን በርዕሰ መምህርነት መርቷል። በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። ለጁዶ ሁለት መርሆች ሰጠው። አንደኛው ጉልበትን በሚገባው ቦታ መጠቀም ነው። ሁለተኛው አንተም እኔም አብረን እንድናድግ የሚል ነው። ሁለተኛውን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

የካኖ ሐሳብ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገባ። በ1911 ጁጁትሱና የሰይፍ ፍልሚያ በሁለተኛ ደረጃ ወንዶች ትምህርት ቤት በምርጫ እንዲሰጡ ተፈቀደ። በ1931 ግዴታ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጦርነት ዘመን ነው። ቡዶ ልጆችን ለወታደርነት ማዘጋጃ ሆነ። ሥርዓቱ፣ ሰላምታው፣ ታዛዥነቱ ሁሉ ለዚያ ዓላማ ዋለ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ቡዶ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ጁዶ በ1950 ተመለሰ፤ ኬንዶ እስከ 1953 ቆየ። ሲመለሱ እንደ ማንኛውም ስፖርት ነው የተቆጠሩት፤ ቡዶ የሚለው የጋራ ስም እንኳ ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ የተመለሰው በ1989 ነው።

ይህን ታሪክ ያላወቀ ሰው የ2012ቱን ክርክር አይረዳውም። ዲሴምበር 2006 በጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን የአገሪቱ መሠረታዊ የትምህርት ሕግ ተሻሻለ። ወግንና ባህልን ማክበር፣ አገርንና የትውልድ ቀዬን መውደድ የትምህርት ግብ ሆነው ተጻፉ። በ2008 የወጣው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ቡዶን ግዴታ ያደረገው ከዚህ ተነስቶ ነው። የጦርነቱን ዓመታት የሚያስታውስ አዛውንት «ይሄን ፊልም አይቼዋለሁ» ቢል አይፈረድበትም።

ክፍሉ ውስጥ ምን አለ?

ትምህርት ቤቶቹ በዋናነት ከጁዶ፣ ከኬንዶና ከሱሞ እንዲመርጡ ተደረገ። እንደ አካባቢው ሁኔታ ሌላም ይፈቀዳል። ለምሳሌ ኦኪናዋ የካራቴ አገር ስለሆነች ብዙ ትምህርት ቤቶቿ ካራቴን ያዙ። ከዚህ ምርጫ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ባህል ሲባል ከዋና ከተማ የሚላክ አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ ኦኪናዋዎች ያውቃሉ።

በአገር ደረጃ ግን ጁዶ በሰፊው አሸነፈ፤ ከ10 ትምህርት ቤት ስድስቱ ገደማ ጁዶን መረጡ። ምክንያቱ ባህል አይደለም፤ ኪስ ነው። ለጁዶ ምንጣፍና ወፍራም የጥጥ ልብስ ይበቃል። ኬንዶ የራስ ቁር፣ የደረት መከላከያ፣ የወገብ መሸፈኛ፣ ጓንትና ከቀርከሃ የተሠራ ሰይፍ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ መግዛት አይታሰብም። ስለዚህ ዕቃው በጋራ ይሆናል። የጋራ ቁር ደግሞ ጉድ ነው። አንዱ ክፍል ሲወጣ ሌላው ክፍል ያንኑ በላብ የራሰ ቁር ያጠልቃል። ተማሪው ጭንቅላቱ ላይ ቀጭን ፎጣ ያስራል፤ ሽታውን ግን ፎጣ አያስቀረውም። ይህን ችግር ለማቅለል ያለ መከላከያ በእንጨት ሰይፍ የሚሠራ መሠረታዊ የኬንዶ ልምምድም አለ።

ሰዓቱስ? በዓመት 10 ሰዓት ገደማ። በቃ። በሁለት ዓመት 20 ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ ልብስ መልበሻውን፣ ቀበቶ ማሰሪያውን፣ ምንጣፍ ማንጠፊያውንና መጠቅለያውን ቀንሱ።

እሴት የሚባለው ነገር በዚህ ውስጥ እንዴት ይገባል? ቀላሉ መንገድ ሰላምታው ነው። ተማሪዎቹ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው ለመምህሩና ለባላጋራቸው ይሰግዳሉ። ትምህርቱ በሰላምታ ይጀመራል፣ በሰላምታ ይዘጋል። ኬንዶ ላይ ደግሞ ጠበቅ ያለ ደንብ አለ። ነጥብ ያገኘ ሰው እጁን ወደ ላይ ቢወነጭፍ፣ ቢጨፍር፣ ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል። ተሸናፊው ፊት ላይ አይደነስም። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ ማስረዳት ንግግር አይፈልግም፤ ነጥቡን አንዴ ካጣ ገብቶታል።

ጃፓኖች ራሳቸው በዚህ ረገድ የሚያነሱት ታሪክ የውጭ ሰው ታሪክ መሆኑ ይገርማል። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። በክብደት ባልተገደበው ምድብ ፍፃሜ ሆላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ደስታ ያሰከራቸው ሆላንዳውያን ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጊሲንክ እጁን አንስቶ ከለከላቸው። ጨዋታው አላለቀም፤ ገና ሰላምታ ይቀራል። ጃፓን ያን ቀን ወርቁን ብታጣም ያ የእጅ ምልክት እስከ ዛሬ ይወራል።

የሙታን ቁጥር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በናጎያ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሶሺዮሎጂ ተመራማሪ የሆነው ሪዮ ኡቺዳ በየዓመቱ የሚወጣውን የትምህርት ቤት አደጋ መዝገብ ቁጭ ብሎ ደመረው። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጁዶ ጋር በተያያዘ 118 ተማሪዎች ሞተዋል። መረጃው የተደበቀ አልነበረም። አንድ ላይ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ጀማሪዎች፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። በተደጋጋሚ የሚነሳው ስልት ኦሶቶጋሪ ይባላል። በእኛ ትግል ጠለፋ የምንለው ዓይነት ነው። ጣዩ ከጎን ይጠጋና የባላጋራውን እግር ከኋላ ጠልፎ ወደ ኋላው ይጥለዋል። ልምድ ያለው ሰው ሲወድቅ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ጀማሪው ግን ይደናገጣል፣ አንገቱ ይለቃል፣ የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ምንጣፉን ይመታል። ሐኪሞች እንደሚሉት ጭንቅላቱ በኃይል መናወጡ ብቻ እንኳ አንጎልን ከሽፋኑ የሚያገናኙትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ሊበጥስ ይችላል። ደም ይጠራቀማል። ልጁ ተነስቶ «ራሴን አመመኝ» ሊል ይችላል። መምህሩ «ትንሽ አረፍ በል፣ ትመለሳለህ» ካለው አለቀ።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መባል አለበት። አብዛኛው ሞት የደረሰው በመደበኛው ክፍለ ጊዜ አይደለም። የደረሰው ከትምህርት በኋላ በሚካሄደው የክበብ ልምምድ ላይ ነው። እነዚህ ክበቦች ልምምዳቸው ጠንካራ ነው፤ ለውድድር ይሠራሉ፤ ታናሽ ለታላቅ፣ ሁሉም ለአሠልጣኙ ይታዘዛል። የትምህርት ሚኒስቴሩም ይህንኑ ልዩነት እያነሳ ተከራከረ። ነገር ግን በ2010 ማኅበር ያቋቋሙት የተጎጂ ቤተሰቦች የሚመልሱት ነበራቸው። በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ማን ነው? ብዙ የስፖርት መምህራን ራሳቸው ጁዶን በቅጡ የማያውቁ ነበሩ። የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስደው 30 ወይም 40 ልጅ ፊት ሊቆሙ ነው። በፈረንሳይ ከጃፓን የሚበልጥ የተመዘገበ የጁዶ ሰው አለ። እዚያ ግን ለማስተማር በመንግሥት የታወቀ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ የልጆች ሞት ሲከታተል አልታየም። የጁዶ አገር ከተማሪዋ የምትማረው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

የኔ ትዝብት እዚህ ላይ ነው። የጃፓን መንግሥት መጀመሪያ «ባህል» ብሎ ሕግ ውስጥ ጻፈ። «ማን ያስተምረው?» ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ዋጋውን የሚከፍለው ምንጣፉ ላይ የቆመው ልጅ ነው።

እጅጌ የያዘች እጅ

ማርች 2012፣ ትምህርቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩ፣ ሚኒስቴሩ የጁዶ ትምህርት ደኅንነት መመሪያ አወጣ። ዝግጁ ያልሆነ ትምህርት ቤት ዝግጁ እስኪሆን ጁዶውን እንዲያዘገይም ነገረ። አንዳንድ ከተሞች እንደዚያው አደረጉ። ከውጭ ረዳት አሠልጣኝ የጠሩም አሉ። የጃፓን ፖሊስ በሥልጠናው ጁዶ ወይም ኬንዶ ስለሚማር ጡረታ የወጣ ፖሊስ ለዚህ ሥራ ይፈለጋል።

የመመሪያው ፍሬ ነገር አንድ ቃል ነው፦ ኡኬሚ፣ ማለትም አወዳደቅ። ተማሪው ማንንም ከመጣሉ በፊት መውደቅ ይማራል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ተኝቶ ይጀምራል። አገጩን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ዓይኑ የገዛ ቀበቶውን ቋጠሮ ያያል፤ በሁለት ክንዱ ምንጣፉን ጥፊ ይመታዋል። ቀጥሎ ከቁጭታ ወደ ኋላ ይወድቃል። ቀጥሎ ከቁንጢጥ። መጨረሻ ላይ ከቁም። አሰልቺ ነው፤ አዳራሹ በጥፊ ድምፅ ይሞላል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙ መምህራን ቁሞ መጣሉን ትተው መሬት ላይ መያያዙ ላይ ያተኩራሉ። ራሱን የመታ ወይም ያመመው ልጅ ወዲያው ይቆማል፤ ያን ቀን አይመለስም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጣዩ ባላጋራውን ሲጥል አንድ እጁ የባላጋራውን እጅጌ እንደያዘ ይቀራል። አይለቅም። ልጁ ወደ ምንጣፉ ሲወርድ ጣዩ እጅጌውን ወደ ላይ ሳብ ያደርገዋል። በዚህች ሳብታ የወዳቂው ትከሻ ከፍ ይላል፣ ጭንቅላቱ መሬት አይደርስም። ያሸነፍከውን ሰው በገዛ እጅህ ታድነዋለህ። ካኖ «አንተም እኔም አብረን እንድናድግ» ያለው እዚህች እጅጌ ላይ በተግባር አለ። መምህሩ ስለ መከባበር አንድ ሰዓት ቢሰብክ ይህን ያህል አይሠራም። እጅጌውን መልቀቅ ደግሞ የጨዋነት ጉድለት ብቻ መስሎ አይቀርም፤ ሰው ይገድላል።

የሰለጠነ አሠልጣኝ ይህን በደሙ ያውቃል። በሦስት ቀን ሥልጠና የመጣ መምህር ስልቱን ሊያውቅ ይችላል፤ የእጅጌዋ ነገር ግን ቶሎ ላይታየው ይችላል። እሴቱና ደኅንነቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች አድርጎ ማስተማር ዋናውን ስቶ ማለፍ ይመስለኛል።

ከመመሪያው በኋላ ለሦስት ዓመት፣ ከ2012 እስከ 2014፣ በትምህርት ቤት ጁዶ የሞተ ተማሪ አልተመዘገበም። በ2015 ሞት ተመለሰ። ኡቺዳም ጥንቃቄው ላልቷል ብሎ እንደገና ጮኸ።

«አልፈልግም» ያለው ተማሪ

ግዴታ ሲባል የማይፈልግ ልጅም አለ። ይህ ጥያቄ ከ2012 በፊት አንዴ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ኮቤ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ የይሖዋ ምሥክሮች እምነት ተከታይ የሆነ ተማሪ በ1990 ገባ። ኬንዶ በስፖርት ትምህርቱ ውስጥ ነበር። ተማሪው እምነቴ ፍልሚያ አይፈቅድልኝም አለ። ጎን ተቀምጦ አየ፤ በምትኩ የጽሑፍ ሥራ ልሥራ ብሎ ጠየቀ። ኮሌጁ እምቢ አለ። በስፖርት ወደቀ፣ ክፍል ደገመ፣ በሁለተኛው ዓመትም ወደቀ፣ ተባረረ። ማርች 8 ቀን 1996 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት መባረሩ ሕገወጥ ነው ብሎ ወሰነ። የስፖርት ትምህርት ግብ በሌላ መንገድም ሊሟላ ይችላል፤ ኬንዶ ካልያዝክ ውጣ ማለት አግባብ አይደለም ነው ነገሩ።

ስለዚህ የ2012ቱ ግዴታ ሲመጣ ይህ ፍርድ ከጀርባው ነበር። ባላጋራን ማክበር የሚያስተምር ትምህርት የአንድን ተማሪ ሕሊና ረግጦ ቢጀምር ከባድ ምፀት ይሆናል።

እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ሎሌው ዱላውን ይዞ ከጌታው ጋር ሩር ይገፋል፣ ይሳደባል፣ ቂም የለም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን በደንብ አስይዞ ዓመታዊ ውድድር ያካሂድበታል፤ ጥሩ ነው። ግን አስቡት፦ መምህሩ ፊሽካ ይዞ፣ ከ100 ውጤት እየሰጠ፣ የግድ በሚያጫውተው ገና ውስጥ ያ «አይቆጡም» የት ይደርሳል? ዱላውስ ቅልጥም ሲመታ? የጃፓን ጉዳይ ለእኛ የሚያነሳው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ

በ2013 መጀመሪያ ላይ የጃፓን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን 15 ጁዶ ተጫዋቾች አሠልጣኞቻቸው በድብደባና በስድብ እንዳሰቃዩአቸው መክሰሳቸው ተሰማ። ዋናው አሠልጣኝ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትም ወረደ። ለ13 ዓመት ልጆች መከባበርን ያስተምራል የተባለው ስፖርት ከላይ ጫፉ ላይ ይህ ነበር። አንዳንዱ ወላጅ የልጁን ደብተር ዘግቶ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

የ2017ቱ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ፣ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው፣ ዝርዝሩን ወደ ዘጠኝ አሳደገው። ቀስት፣ ናጊናታ የሚባለው ረጅም ባለ ስለት ዘንግ፣ አይኪዶ፣ ካራቴና ሾሪንጂ ኬምፖ በስም ተጠቀሱ። ጁኬንዶም ገባ። ይህ ከወታደር የሳንጃ ውጊያ የመጣ ስፖርት ነው። የድሮው ጥርጣሬ ወዲያው ተቀሰቀሰ። ሳንጃን ባህል ብሎ ለሕፃን ማስተማር ምንድን ነው የሚል ክርክር ተነሳ። ጁኬንዶ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኔን የበለጠ የሳበኝ ማርች 2022 ላይ የተደረገው ነው። የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ የግል ውድድር ሰረዘ። ምክንያቱን ሳይሸፋፍን ተናገረ፦ ማሸነፍ ብቻ ግብ ሆኗል። ወላጆችና አሠልጣኞች ልጆቹን ይሳደባሉ፤ ዳኛው ላይ ይጮኻሉ፤ ሕፃናት ክብደት እንዲቀንሱ ይደረጋል። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ያሱሂሮ ያማሺታ ነበር፤ የ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት። ውድድር የሠራው ሰው ነው ውድድሩን ያስቆመው። ልጆቹ ምን ግብ ይዘው ይለማመዱ ብለው የተቆጡ ወላጆች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ዘገየ እንጂ ትክክል ነው አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ።

ውሳኔው የነካው ያንን ውድድር ብቻ ነው። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው ግዴታ እንዳለ ነው፤ አሁንም ተማሪው በዓመት 10 ሰዓት ገደማ ያገኛል፤ ጁዶ የያዘው ደግሞ መጀመሪያ መውደቅ ይማራል።